ለድምፅ ብቻ የታሰሩ ሰባት ሪሌዎች

ባለፈው ሳምንት መስቀል ፍላወር አንድ ካፌ ተቀምጬ ማኪያቶዬን ስጠብቅ መብራት ሄደ። የመብራት መሄድ እንኳ ወግ አይሆንም፤ መምጣቱ ነው ወግ የሆነብኝ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሲመለስ አስተናጋጇ «ተመስገን!» ብላ ወደ ማሽኑ ሮጠች፣ ሌላው ሰው ሁሉ ወደ ስልኩ አቀረቀረ። እኔ ግን ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ። ከለስላሳው ፍሪጅ ጀርባ የተቀመጠው ስታቢላይዘር የመጣለትን ኃይል ወዲያው አያሳልፍም፤ እስኪረጋ ድረስ ትንሽ ያመነታል፣ ከዚያ በውስጡ ያለችው ሪሌ ትነክሳለች። ጠቅ። ፍሪጁ ማጉረምረም ጀመረ፣ የእኔም ዓይን እንባ አቀረረ። አስተናጋጇ ማኪያቶውን ስታስቀምጥ አየችኝና፣ «እማዬ፣ ደህና ኖት?» አለችኝ። «ደህና ነኝ፣ ስኳር ጨምሪልኝ» አልኳት። ስኳር ከተውኩ ዓመታት አልፈውኛል።

ሰው በዘፈን ሆዱ ይባባል። እኔ ዕድሜዬን በኤሌክትሪክ ሥራ የፈጀሁ ሴት ነኝና በሪሌ ሆዴ ባባ፤ ምን ይደረግ። ለማያውቃት፣ ሪሌ ማለት ከክብሪት ሣጥን የማትበልጥ ማብሪያ ማጥፊያ ናት፤ በጣት ፈንታ ማግኔት ነው የሚጫናት። ስትይዝ ጠቅ ትላለች፣ ስትለቅም እንዲሁ። ዛሬ ዛሬ ድምፅ የሌላቸው መሣሪያዎች ስለበዙ ይቺን ጠቅታ የምሰማት እንዲህ በአጋጣሚ፣ ከሰው ፍሪጅ ጀርባ ነው። በሰማኋት ቁጥር ጋሽ ይማም ከፊቴ ድቅን ይላሉ።

ጋሽ ይማም የሥራ አባቴ ነበሩ። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በጥሩ ውጤት ተመርቄ፣ አፍንጫዬን ነፍቼ፣ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ በነበረ አንድ የዳቦ ፋብሪካ ተቀጠርኩ። በኤሌክትሪክ ክፍሉ ያለነው ሁለት ነን፤ እሳቸውና እኔ። በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው ካዛንቺስ ላይ የሸበቱ፣ ቀጠን ያሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ነበሩ። ሰማያዊ ቱታቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። የተተኮሰ ቱታ ለብሶ ማሽን ሥር የሚንበረከክ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ፒንሳና ካቻቢቴ የሚያጭቁበትን ኪስ ሳይቀር ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ መስመር አውጥተው ይተኩሱላቸው ነበር።

ማሽናችንን የሚያዘው ግድግዳው ላይ ባለው የብረት ሣጥን፣ ፓኔል በምንለው ውስጥ የተቀመጠ ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ ያስባል እንጂ ጉልበት የለውም፤ ያሰበውን «አብራ፣ አጥፋ» ብሎ ወደ ማሽኑ የሚያደርስለት አውትፑት ካርድ የሚባለው ክፍል ነው። የእኛ ካርድ ስምንት መውጫዎች ነበሩት፣ በየመውጫው አንድ አንድ ሪሌ። አንደኛው የዱቄቱን በር ይከፍታል፣ ሁለተኛው ውሃ ይለቃል፣ እንዲህ እያለ ይሄድና አራተኛው ቢላውን ያወርዳል። ሊጡ እንደ ገመድ ተስቦ በቀበቶው ላይ ሲመጣ አንዲት የኤሌክትሪክ ዓይን ትጠብቀዋለች። ጫፉ እሷ ጋ ሲደርስ አራተኛው ሪሌ ጠቅ ይላል፣ ቢላው ይወርዳል፣ ለአንድ ዳቦ የሚሆን ሊጥ ይቆረጣል። ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ደግሞ ሌላ።

ጋሽ ይማም ይህን ማሽን በጆሯቸው ነበር የሚጠብቁት። ጀርባቸውን ለማሽኑ ሰጥተው፣ መዳፋቸውን የፓኔሉ በር ላይ አሳርፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆማሉ። ስምንቱንም በድምፃቸው ለይተው ያውቋቸዋል፤ ስም ሁሉ አውጥተውላቸዋል። ዱቄት የሚከፍተው «ሻምበል» ነው፣ አንዴ ተናግሮ ረጅም ጊዜ ዝም ስለሚል። ቢላውን የምታወርደው አራተኛዋ ደግሞ «እትዬ በላይነሽ» ናት፤ ካዛንቺስ አንዲት ጎረቤት ነበሯቸው፣ ከጠዋት እስከ ማታ አፋቸው የማይዘጋ። ታዲያ በሥራ መሃል ድንገት ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣

«ትርሲት፣ አራተኛው ዘግይቷል» ይሉኛል።

ሄጄ ሳይ፣ የኤሌክትሪክ ዓይኗ ላይ ዱቄት ተጋግሮ ሊጡን ዘግይታ ታየዋለች፤ ዳቦው ሁሉ ረዝሞ እየወጣ ነው። በጨርቅ እጠርጋታለሁ። «እሰይ፣ አሁን ተስተካከለች» ይላሉ ከማዶ፣ ዘወር እንኳ ሳይሉ። በረመዳን ጾመው፣ የትኩስ ዳቦ ሽታ ቀኑን ሙሉ ከአፍንጫቸው ሳይርቅ፣ ያ ጆሮ አንድ ጠቅታ አያመልጠውም ነበር። እኔ ግን ሽማግሌው ለወጣቷ ትርኢት የሚያሳዩ ይመስለኝ ነበር። አንብቢልኝ፣ ቁጥሩን ንገሪኝ፣ ሽቦው ምን ዓይነት ቀለም ነው ሲሉኝም እኔን ለማስተማር ነው ብዬ እደሰት ነበር።

ከሥራ የምንወጣው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። እኔም ካዛንቺስ አክስቴ ዘንድ ስለምኖር አብረን በእግር እንሄዳለን። የየቀን ድርሻችን የሆነውን ትኩስ ዳቦ በብብታችን ይዘን፣ በስታዲየም አጥር ጥግ፣ የመስቀል አደባባይን አቋርጠን፣ ወደ ካዛንቺስ ዳገት። ነሐሴ ሲሆን ስታዲየም ጋ በቆሎ የሚጠብሱ ሴቶች ስለሚደረደሩ ዳቦውን ትተን በቆሎ እንግጣለን። ዳገቱ ላይ ክርኔን ይይዙኛል። አክስቴ አንድ ቀን አይታን «እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው፣ ልጅቷ እንዳትወድቅ ደግፎ ይዞ» አለች። እኔም ያንኑ ነበር የማስበው። የዛሬን አያድርገውና ያ መንገድ ጠባብና ጭቃ ነበር፤ ግን ሰው እየተጠራራ የሚሄድበት መንገድ ነበር። ዛሬ መኪና ይዤ በዚያ ሳልፍ አንድም ሰው ስሜን አይጠራኝም።

ነገሩ የመጣው በዚያችው በአራተኛዋ በኩል ነው። በሁለት ሰከንድ አንዴ የምትሠራ ሪሌ ዕድሜዋ አጭር ነው። ውስጧ የሚገናኙት ብረቶች በተነካኩ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይቃጠሉና አንድ ቀን ተጣብቀው ይቀራሉ። ሲጣበቁ ቢላው እንደወረደ ይቀራል፣ ሊጡ ይከመራል፣ ውጪ የዳቦ ሰልፍ ይረዝማል። ጋሽ ይማም በየሦስትና በየአራት ወሩ ካርዱን አውጥተው፣ የሞተችውን ነቅለው አዲስ ይበይዱ ነበር። ቆይቶ ካርዱ ራሱ ከብየዳ ብዛት መላላት ጀመረ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ወርቅነህ መረራቸውና ጠሩኝ። «ትርሲት፣ አንቺ አዲሱን ትምህርት ተምረሻል። እስቲ ይሄን ነገር ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ የሚገላግለን ካርድ ምረጪ» አሉኝ።

ያን ቀን ከቢሮ የወጣሁት መሬት ሳልረግጥ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ለካሁ፣ ጻፍኩ። ሰባቱ መውጫዎች የሚያዙዋቸው፣ በሩንና ቢላውን የሚያንቀሳቅሱት ቫልቮች በሃያ አራት ቮልት የሚሠሩ፣ የሚስቡትም ኃይል ትንሽ ስለሆነ ለትራንዚስተር ካርድ የተመቹ ናቸው። ትራንዚስተር የሪሌዋን ሥራ ይሠራል፣ ግን የሚንቀሳቀስ ብረት የለውም። ስምንተኛው፣ የምድጃው ማራገቢያ፣ ሁለት መቶ ሃያ ስለሆነ ትራንዚስተሩ አይችለውም፤ ለእሱ ብቻ ከካርዱ ውጪ ጠንካራ ሪሌ አሰብኩለት። ቫልቭ ሲጠፋ ወደ ኋላ ይራገጣል፣ ያቺ እርግጫ ደግሞ ትራንዚስተር ትገድላለች፤ ስለዚህ ለየቫልቩ እርግጫውን የምታበርድ ዳዮድ፣ ለየመስመሩ ፊውዝ ጨመርኩ። ዛሬ አንድ ኢንጂነር ያንን ወረቀት ይዞልኝ ቢመጣ ፈርሜ እመልስለታለሁ። ማሽኑን ማን እንደሚሰማው ግን አልጻፍኩም። ቅጹ ላይም እንዲህ የሚል ቦታ አልነበረም።

ለጋሽ ይማም የነገርኳቸው ወደ ቤት ስንሄድ ነው።

«ድምፅ አለው?» አሉኝ።

«ምኑ?»

«ካርዱ።»

«የለውም ጋሽ ይማም! ውበቱስ እሱ አይደል? የማይንቀሳቀስ ነገር አይቃጠል፣ አይጣበቅ። መብራት ግን አለው፣ ለየመውጫው ትንሽዬ ቀይ መብራት። አይተው ያውቃሉ፣ በቃ።»

«መብራት» አሉ። ዳቧቸውን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወሩ። ትንሽ ከሄድን በኋላ፣ «እንዲያው ከቫልቮቹ ጎን ለጎን ትንንሽ ሪሌ ብናስርስ?» አሉ።

«ምን ሊያደርጉልን?»

«እንዲያው… ለመስማት።»

ሳቅሁ። አሁን ሳስበው የሚያመኝ ያ ሳቅ ነው። «የሚቃጠለውን ነቅለን የሚቃጠል ልናስር? ኧረ ጋሽ ይማም፣ ሰው ይስቅብናል» አልኳቸው።

«እሱስ እውነትሽን ነው» አሉ። ከዚያ እስከ ካዛንቺስ ስለ ዝናቡ ብቻ አወሩ።

ካርዱን ያሰርነው በሰኔ ወር፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ፋብሪካው ሲያርፍ ነው። ሰኞ ጠዋት ማሽኑ ሲነሳ የሊጥ ክፍል ሰዎች ሥራቸውን ትተው ከበቡኝ። ሳምንቱን ሙሉ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እያሉ ሲያሾፉብኝ የከረሙት እነሱ ናቸው። ቢላው ይወርዳል፣ ይወጣል፤ ከፓኔሉ ግን ትንፍሽ የለም። ማራገቢያው በቀን ሁለቴ ከሚያሰማው በቀር ሰባቱም ዝም። አቶ ወርቅነህ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እኔም «ዝም አይነቅዝም ይባል የለ!» ብዬ ሁሉንም አሳቅሁ። ጋሽ ይማም ከኋላ ቆመው ነበር። መዳፋቸው እንደ ልማዳቸው የፓኔሉ በር ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ሰውዬው ሌላ ሰው ሆኑብኝ። ፓኔሉን ከፍተው ፊታቸውን መብራቶቹ ላይ ሊያስነኩ ምንም አይቀራቸውም። «ስንተኛው ነው የበራው?» ይሉኛል። «ሁለተኛው ነዋ ጋሽ ይማም፣ ይኸውልዎት።» «ኣ፣ አዎ።» ማሽኑ ዳር በሄዱ ቁጥር ዳብሰው ይሄዳሉ። እኔ ደግሞ ልጅ ነኝ፣ ተወድሻለሁ፤ በአዲሱ ነገር ቅር ቢላቸው ነው ብዬ ተረጎምኩት። እንዲያውም አዘንኩባቸው።

በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ነው። የሊጡ ገመድ ተበጥሶ ቀበቶው ባዶውን ይሄዳል፤ ቢላው ከላይ ቆሞ ሊጥ ይጠብቃል። ጋሽ ይማም መፋቂያቸውን ይዘው ቢላው ላይ የተጋገረውን ሊጥ ሊፍቁ እጃቸውን ሰደዱ። ለዓመታት እንዲህ ነው ያደረጉት፤ ስምንቱም ሪሌዎች ዝም ካሉ ማሽኑ ቆሟል ማለት ነው፣ ማሽኑ ከቆመ እጅ ደህና ነው። አሁን ግን ዝምታው ምንም አይናገርም። እኔ ከፓኔሉ አጠገብ ሆኜ አዲሱ ሊጥ በጎናቸው በኩል ወደ ኤሌክትሪክ ዓይኗ ሲጠጋ አየሁ። ጮህኩ። ጮኼም ቀዩን የማቆሚያ ቁልፍ በመዳፌ መታሁት፤ ቢላው ግን ጀምሮት ነበር። መፋቂያው ለሁለት ተቆረጠ፤ የተተኮሰው የቱታቸው እጅጌ ጫፍም አብሮ ሄደ። እጃቸው ተርፏል።

ዕቃ ቤት ወስጄ አስቀመጥኳቸው። እሳቸው የተቆረጠውን እጅጌ በጣታቸው እየዳሰሱ «ዘሃራን ምን እላታለሁ» ይላሉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ ከእኔ ትንሽ ወደ ግራ እያዩ፣ «ዓይኔ ነው» አሉኝ።

«ምን ሆኑ?»

«ሦስት ዓመት ሆነኝ። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ የሄደው አይመለስም አለኝ። ፊት ለፊት ትንሽ ትንሽ አያለሁ። ከጎን የሚመጣ ግን የለም፣ ጨለማ ነው። ያንቺ ቀያይ መብራቶች ደግሞ ተደባልቀው ነው የሚታዩኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ? ዕውር ኤሌክትሪሻን ነኝ ብዬ?» ፈገግ አሉ። «ጡረታዬ ሁለት ዓመት ነው የቀረው። ሪሌዎቹ እስካሉ ድረስ እደርሳለሁ ብዬ ነበር። አብሽሪ ልጄ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ካርዱ ጥሩ ካርድ ነው።»

ክርኔን ይዘው የወጡት ዳገት፣ የሚያስነብቡኝ ጽሑፍ፣ የሽቦው ቀለም፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ የእኔ እንኳ ቢለቀም በወደድኩ። «እስከ ሰኞ ይታገሡኝ፣ ማሽኑ አጠገብ አይሂዱ። ሰኞ ይሰማሉ» አልኳቸው። «ኢንሻአላህ» አሉ።

ያን ምሽት አክስቴ ቤት ተቀምጬ ወረቀት ላይ ስስል ነው ያሉኝ የገባኝ። ጎን ለጎን ነበር ያሉት። ሪሌዋ ቫልቩን እንድትሸከም አይደለም፤ ቫልቩን ካርዱ ራሱ ያዛል። ሪሌዋ ከጎኑ ታስራ፣ በብረቶቿ ምንም ኤሌክትሪክ ሳይሄድባት፣ ካርዱ ባዘዘ ቁጥር ጠቅ ትላለች፣ በቃ። ምንም የማትሸከም ሪሌ ደግሞ አትቃጠልም፤ ዕድሜዋ ከእኔም ከእሳቸውም ይረዝማል። ሽማግሌው በአንድ ዓረፍተ ነገር የነገሩኝን ነገር ነው ሰው ይስቅብናል ብዬ የሳቅሁበት። ዓርብ ስታዲየም አካባቢ ካሉት የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቆች ሰባት ትንንሽ ሪሌዎች ገዛሁ። እሑድ ከሰዓት ብቻዬን ገብቼ በፓኔሉ ውስጥ በአንድ ረድፍ ደረደርኳቸው። ለሙከራ ማሽኑን ባዶውን ሳስነሳው ሰባቱም ተራ በተራ ማውራት ጀመሩ፤ እኔም ብቻዬን ሳቅሁ፣ እንደ ሞኝ።

ሰኞ ጋሽ ይማም አልመጡም። አቶ ወርቅነህ «ቅዳሜ ነው ማመልከቻውን ያስገባው። በጤና ምክንያት አለ። እኔም ደነገጥኩ» አሉኝ። የእኔን መሳቢያ ስከፍት ፒንሳቸውና ካቻቢቴያቸው በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ከኋላዬ ሰባቱ ሪሌዎች ይንጣጣሉ።

የዚያን ቀን ዳገቱን ብቻዬን ወጣሁት። ቤታቸው በር ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠዋል፤ ኮቴዬን ሰምተው «ትርሲት ነሽ?» አሉ ገና ሳልናገር።

«ይሰማሉ ጋሽ ይማም! ሰባቱም ይናገራሉ። ልክ እንዳሉት፣ ጎን ለጎን ነው ያሰርኳቸው። ነገ ይምጡ።»

«ልጄ፣ ያን ቁልፍ ባትመቺው እጄ ሄዶ ነበር። ሌላ ቀን ደግሞ እኔን አተርፋለሁ ስትይ ያንቺ ይሄዳል። በዚህስ አልጨክንም።»

«እሺ ለመስማት ብቻ። እኔ እመጣና አብረን እንሄዳለን።»

«አይሆንም። እዚያ ቤት ያለ መሪ ገብቼ ያለ መሪ ወጥቻለሁ። ይበቃኛል።» እትዬ ዘሃራ ከውስጥ «ተዪው፣ ግትር ነው» አሉኝ። ጋሽ ይማምም መልሰው፣ «ግን አራተኛዋ… አሁንም ታወራለች?» አሉኝ በቀስታ።

ይቺ ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ ተከተለችኝ። ያኔ ሞባይል የጥቂቶች ነው። ከጋሽ ይማም ቤት ሁለት በር አልፎ ያለው የነስሩ ሱቅ ግን ሠፈሩ ሁሉ የሚጠራበት ስልክ ነበረው፤ የእኛ ፋብሪካም በፈረቃ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አንድ ስልክ አለው። ቅዳሜ ጠዋት ሽቦውን ቀጥዬ አስረዘምኩና ስልኩን እስከ ፓኔሉ ወሰድኩት። ነስሩን ጋሽ ይማምን ጥራልኝ አልኩት። ትንፋሻቸው ሲሰማኝ፣ «ጋሽ ይማም፣ ምንም አይበሉ። ዝም ብለው ይስሙ» ብዬ እጀታውን ሪሌዎቹ አፍ ላይ ደቀንኩት። እስከ መቶ ቆጠርኩ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ መለስኩት።

«ተሰማዎት?»

ከጀርባቸው የሱቁ ሚዛን ሲንኳኳ፣ አንድ ልጅ ሻማ ሲጠይቅ ይሰማኛል።

«ትርሲት» አሉ በመጨረሻ። «አራተኛው ዘግይቷል።»

ስልኩን እንደያዝኩ ዞሬ አየሁ። ዳቦው ረዝሞ እየወጣ ነው፤ ከሊጥ ክፍል ማንም ልብ አላለም፣ እኔም ከፓኔሉ አጠገብ ቆሜ አላየሁትም። ሮጬ ሄጄ የኤሌክትሪክ ዓይኗን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኋት፣ ፊቴንም በዚያው ጠረግሁ። ተመልሼ እጀታውን አንስቼ «አሁንስ?» አልኳቸው።

«እሰይ» አሉ ጋሽ ይማም ከካዛንቺስ። «አሁን ተስተካከለች።»

ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ መደወል ልማዳችን ሆነ። «እትዬ በላይነሽ እንዴት አደሩ?» ይላሉ መጀመሪያ። እጀታውን እደቅናለሁ። አንዳንድ ቀን ምንም የለም ይላሉ። አንዳንድ ቀን «ሻምበል ደክሞታል፣ የዱቄቱን በር እዪው» ይሉና በሩ ታንቆ ይገኛል። የፋብሪካው ሰው ይስቅብኝ ነበር፤ ከዚያ መሳቁን ተወ። የክረምቱ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጭምር እጀታውን በሻርፔ ሸፍኜ አሰማቸዋለሁ። በሕይወቴ ብዙ ትልልቅ ማሽን ጠግኛለሁ፤ እንደዚያ የተደሰትኩበት ሥራ ግን የለኝም።

ዓመት አለፈ። እኔ አገባሁና ካዛንቺስን ለቅቄ ወሎ ሰፈር ገባሁ። ቅዳሜ የቤት ጣጣ ሆነ፣ ገበያ ሆነ፣ ፀጉር ቤት ሆነ። በየሳምንቱ የነበረው በየሁለት ሳምንቱ፣ ከዚያም ሲመቸኝ ሆነ። አንድ ቅዳሜ፣ ሁለት ወር ገደማ ሳልደውል ከቆየሁ በኋላ፣ ደወልኩ። ነስሩ ድምፄን ሲሰማ፣ «ትርሲት፣ አልሰማሽም እንዴ? ጋሽ ይማም እኮ ረቡዕ ተቀበሩ» አለኝ።

ለቅሶ ስደርስ እትዬ ዘሃራ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ወቀሳ ይኖራል ብዬ አንገቴን ደፍቻለሁ። ወቀሳ አልነበረም። እጄን ይዘው እንደ ጨዋታ ነው ያወሩኝ።

«ቅዳሜ ሲነጋ ቱታዬን አምጪ ይለኛል። ኧረ ምን ሊሠራልህ ስለው፣ ሥራ አለብኝ ይላል። ተኩሼ አለብሰዋለሁ። ነስሩ ሱቅ በር ላይ ሄዶ እስከ ስድስት ሰዓት ይቀመጣል። ስልኩ ሳይደወል ሲቀር ደግሞ ይመጣና፣ ዛሬ ደህና ናቸው ማለት ነው፣ ደህና ባይሆኑ ትርሲት ትደውል ነበር ይላል። ደስ ብሎት ምሳውን ይበላል።»

ፋብሪካው ከዘጋ ቆይቷል። ካዛንቺስም እንደምታውቁት ፈርሶ ሌላ ሆኗል። ከካፌው የወጣሁ ዕለት መኪናዬን አቁሜ በእግሬ ወጣሁበት፤ ዳገቱ እንኳ ቀሎብኛል፣ ወይም መንገዱ ስለተስተካከለ ይሆናል። የነስሩ ሱቅ የነበረበት ሣር ተተክሎበታል፣ ለብስክሌትም መሄጃ ወጥቶለታል። እትዬ ዘሃራ ቀድመው አልፈዋል፤ ነስሩ ወዴት እንደተዛወረ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ቆንጆ ሆኗል ቦታው፤ አልዋሽም። እኔ ግን ጭቃውን፣ የሱቁን ሚዛን ድምፅ፣ ከሁሉ ደግሞ እዚያ በር ላይ ተቀምጠው የነበሩትን ሰው እስኪያመኝ ድረስ ናፈቅሁ። የሱቁን ስልክ ቁጥር እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ።

ካርዱን ዛሬም ምረጪ ብባል ያንኑ ካርድ ነው የምመርጠው። እኔ በሠራሁት ፓኔል ሁሉ ውስጥ ግን ምንም የማትሸከም አንዲት ሪሌ አለች። ወጣቶቹ «ይቺ ምን ትሠራለች?» ሲሉኝ «ታወራለች» እላቸዋለሁ፤ አሮጊቷ ጀመራት ብለው ይተያያሉ። ይተያዩ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ያልደወልኩባቸው ቅዳሜዎች ስንት እንደነበሩ ቁጭ ብዬ ልቆጥር ሞክሬ አልሆነልኝም። በእነዚያ ቅዳሜዎች ሁሉ ግን የጋሽ ይማም ቱታ ተተኩሶ ነበር።